ጳጉሜን የሌለበት ዓመት

ይድረስ ከሐሳቤ ለማትጠፋው ለወንድሜ ለአጵሎስ ዘካሪያስ፣ ጆሃንስበርግ፤

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የነገርከን የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ካርቶን ስታነሳ ይይዝሃል? የእናንተ አገር ብርድ የሚበረታው እኛ ክረምት ላይ ሳለን ነው ሲሉ ሰምቼ ሐምሌን ሙሉ አንተን ሳስብ ከረምኩ። የሚሞቅ ብርድ ልብስ አለህ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? የምታመልኩበት ቤት ቅርብ ነው? ሱቁ ያለበት ሰፈር ሰላም ነው? ለሁሉም መልስ እፈልጋለሁ፤ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለህ እንዳታልፈኝ።

እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ሱቅ እንደያዝኩ ነኝ፤ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ፣ ላፕቶፕ አስተካክላለሁ። አባባም ደህና ነው። ስለ አባባ ግን ብዙ የምጽፍልህ አለኝ። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ መስመሩ ሲቆራረጥ፣ አንተም በመሐል «ቆይ፣ ምን ማለትሽ ነው?» እያልክ ስታቋርጠኝ ነገሩ ግማሽ ሆኖ እንዳይደርስህ ፈራሁ። ግማሽ ወሬ ሰው ይገድላል። ጎረቤታችን ሰሊሆም ሠርጉን ደግሶ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልላክ ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንተም ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከደበቅንህ ነገር ልጀምር። አባባ የቦዩን ተራ ከሚያስከብርበት ከውሃ አባትነቱ ከወረደ ዓመት ሆነው። ከቤተ ክርስቲያን ሽምግልናውም «ነገሩ እስኪጣራ ዕረፍ» ተብሎ እቤት ተቀምጧል። ለአንተ እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ ነበር። እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስደነግጥ ስለከረምኩ አሁን እጄ ትንሽ ረጋ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዓመት ጳጉሜን ሊገባ ሲል አባባን ወባ ጣለው። የዋዛ ወባ አልነበረም፤ እየቃዠ ስማችንን ያቀያይር ነበር። በዚያው ሰሞን መንደራችን ጫኖ ላይ ዝናብ ጠፍቶ፣ ሐሬ ወንዝም ቀጥኖ፣ ሰው ሁሉ የቦዩን ውሃ በዓይኑ ይጠብቅ ነበር። አባባ ስለተኛ የመስኖ ማኅበሩ «ችግር የለም፣ ተራውን ስልኩ ይናገራል» አለ፤ አንተ ከመሄድህ በፊት የሠራህላቸውን ፕሮግራም ማለታቸው ነው። እንደምታውቀው በየማለዳው ተረኛው ገበሬ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፤ መልእክት የደረሰው ሰው ሄዶ ቦዩን ወደ ማሳው ይመልሳል። በእነዚያ ቀናት ግን የቦዩ ጭራ ላይ ላሉት መልእክት አልመጣም። መልእክት ካልመጣ ማንም ውሃውን አይለቅላቸውም። መስከረም ሲጠባ ተራው እንደገና ከላይ፣ ከቦዩ ራስ ጀመረ። የእኛ ዘመዶች ደግሞ ማሳቸው የት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ራሱ ላይ ነው።

ማሳቸው የቦዩ ጭራ ላይ የሆነው ጋሽ ኤርጫፎ ያን ጊዜ አዲስ የፓፓያ ችግኝ ተክለው ነበር። አንድም አልተረፈም። እሳቸውና አባባ ያንን ቦይ ጎን ለጎን ቆመው የቆፈሩ፣ በሐዘንም በደስታም የማይለያዩ ሰዎች እንደነበሩ ላንተ አልነግርህም። ሰው ሲጎዳ ግን የሚጠረጥረው የቅርቡን ነው። «ዘካሪያስ ጤነኛ በነበረባቸው ዓመታት ውሃዬ ቀርቶብኝ አያውቅም። ዘካሪያስ ታመምኩ ሲል ውሃዬ ዘመዶቹ ማሳ ገባ። ይህ ምን ዓይነት ሕመም ነው?» አሉ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እያበጠ «ዘካሪያስ ውሃ ሸጠ» ሆነ። መስከረም ላይ፣ አባባ ገና ከአልጋ ተነስቶ፣ የጌታን እራት ሊያድል ሳህኑን ይዞ በወንበሮቹ መሐል ሲያልፍ ጋሽ ኤርጫፎ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «የወንድሙን ውሃ የሸጠ እጅ የጌታን እራት ያድላል እንዴ?» አሉ። ጉባኤው በሙሉ ሰማ። እኔ ከመዘምራኑ ጋር ነበርኩ። አባባ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመት እንዴት እንደገፋነው ባልነግርህ ይሻላል። እማዬ ገበያ ስትሄድ «የውሃ ሻጩ ሚስት» እያሉ ሲያንሾካሹኩ ትሰማ ነበር። አባባ አይከራከርም፣ አይሟገትም፣ «ጌታ ያውቃል» ብቻ ይላል። እኔን ያሳበደኝ ይህ ዝምታው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሱቄ ድረስ መጡ። በአዲሱ ቅርንጫፍ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች ስለተጨመሩ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢልን፣ ወንድምሽ የሠራው ነውና ከአንቺ በቀር ማን ያውቀዋል አሉኝ። የአባቴን ስም ከማኅበራቸው አውጥተው እኔን ደግሞ «አግዢን» ሲሉ ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም እጄ የእነሱን ፋይል እንዲነካ ፈልጌ እሺ አልኩ። የፕሮግራሙን ቅጂ ወደ ላፕቶፔ አምጥቼ ስከፍተው ግን ጨለመብኝ። አጵሎስ፣ ኮድህ የራስህን ቋንቋ ነው የሚናገረው። ግማሹን በጋሞኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ሰይመኸዋል። ቀናት ብታገልም ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ሊገባኝ አልቻለም።

ዕድላዊትን ታስታውሳታለህ፤ አብራኝ የተማረችው፣ አሁን ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተምረው። ችግሬን ብነግራት ተርሚናል ላይ ስለሚሠራ አንድ ረዳት አወራችኝ። ስልክ ላይ እንደምናዋራቸው ዓይነት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ይሄኛው ግን በዚያች ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ሆኖ ፋይሎቹን ራሱ ከፍቶ ያነባል፣ ስትፈቅድለት ያስተካክላል፣ ፕሮግራሙንም አስነስቶ ይሞክራል። «ላፕቶፔ ውስጥ ገብቶ?» ብዬ ክው አልኩ። «አንቺ የከፈትሽለትን ፎልደር ብቻ ነው፤ ሳይጠይቅሽም አይነካም፤ ግን የሚጠይቅሽን እያነበብሽ መልሺ እንጂ ዝም ብለሽ አዎ አዎ አትበይ» አለችኝ።

መጫኑ ራሱ አበሳ ነበር። ከድረ ገጹ አንዲት መስመር ትእዛዝ ገልብጬ መስኮቱ ላይ ለጥፌ ስልከው፣ መጀመሪያ ሌላ ፕሮግራም ጫኚ አለኝ። እሱን ሳወርድ ዳታዬ አለቀ። ዳታ ሞልቼ ስቀጥል ሲቀላ በሙሉ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ፈቃድ የለሽም የሚል ቀይ ጽሑፍ ገጹን ሞላው። ተናድጄ በአስተዳዳሪ ሥልጣን በግድ ጫንኩት። ዕድላዊት «እንዲያ እንዳታደርጊ» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም፤ ኋላ የእጄን አገኘሁ።

በመጨረሻ ስሙን ጽፌ ሳስነሳው ተነሳ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። በእንግሊዝኛ ማሰብ ስላቃተኝ በአማርኛ «ይህ ፕሮግራም ምንድን ነው የሚሠራው?» ብዬ ጻፍኩ፤ መልስ እንኳ አልጠበቅሁም። የፋይሎችህን ስም አንድ በአንድ እየጠራ አነበበና በአማርኛ መለሰልኝ፤ የመስኖ ውሃ ተራ ለገበሬዎች በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም እንደሆነ፣ ተራው ከቦዩ ራስ ጀምሮ ወደ ጭራው እንደሚወርድ፣ ሞደሙ ውስጥ ባለችው ሲም እንደሚልክ፣ ሁሉንም ዘረዘረው። ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰውዬ «እባብ አየሽ እንዴ?» አለኝ። አጵሎስ፣ አንተ እኮ እዚህ ሳትኖር የሐሳብህን መንገድ አንድ የማላውቀው ነገር ተከትሎት ሄዶ ተመልሶ መጣ። 

አዲሶቹን ገበሬዎች በሰላም አስገባን። ከዚያ በልቤ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ተራው የሚዘለልበት ገበሬ ይኖራል ወይ አልኩት። የለም አለኝ። ሁሉም በዙሩ ይደርሰዋል አለ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ በእግሬ ወጣሁ፤ ባጃጆቹ እየጠሩኝ አልሰማም። ፕሮግራሙ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ሰው ስም በአእምሮዬም እንኳ መጥራት አልፈለግሁም።

ነሐሴ ሲጋመስ ግን ጳጉሜን እንደገና እየመጣ መሆኑን አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። ረዳቱን ባስነሳሁት ቁጥር አዲስ እትም ወጥቷል፣ አዘምኚኝ የሚል መስመር ከታች ያሳየኝ ነበር፤ እኔም እያየሁ አልፈው ነበር። አንድ ቀን እስቲ ብዬ የማዘመኛውን ትእዛዝ ብጽፍለት አልችልም አለ፤ በግድ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የጫንኩት ነገር አሁን ራሱን እንዳያድስ እጁን አስሮታል። ላፕቶፑን ይዤ ዕድላዊት ጋ ሄድኩ። አሮጌውን ነቅለን በትክክለኛው መንገድ፣ በራሴ ስም እንደገና ጫንነው። የኮሌጁ ኢንተርኔት ፈጣን ስለሆነ ወዲያው አለቀ። ያኔ ዕድላዊት «ኮዱን አንብቦ እንዲነግርሽ አትጠይቂው። ዓመቱን ሙሉ ቀን በቀን እንዲያስኬደውና ማን መልእክት እንደደረሰው እንዲያሳይሽ እዘዢው» አለችኝ። ጥሩ የሆነው አዲሱ እትም ይሁን የእሷ ጥያቄ ዛሬም አላውቅም። እንዳለችኝ አዘዝኩት። ፈቃድ ጠየቀኝ፣ አንብቤ ፈቀድኩ። መስመሮቹ እንደ ጎርፍ ወረዱና ቆሙ።

ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥሎ መስከረም አንድ ይመጣል አለ። ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜን የሚባል ወር በውስጡ የለም፤ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ለማንም መልእክት አይልክም፣ መስከረም አንድ ላይ ደግሞ የተቋረጠውን ትቶ ተራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እየተቋረጠ የሚቀረውም ሁልጊዜ ጭራ ላይ ያለው ሰው ነው። ቀደም ሲል የለም ያልኩት ስሕተት ነበር ብሎም ጨመረልኝ።

ዕድላዊት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አላመንኩም። አንድ ጊዜ ተሳስቶ አሳስቶኛልና ሁለተኛ አላምነውም ብዬ የላፕቶፑን ቀን በእጄ ለወጥኩት። ነሐሴ ሠላሳ ላይ አድርጌ ያንተን ፕሮግራም ሳስነሳው የተረኛው ስም ወጣ። አንድ ቀን ወደፊት ገፋሁት። ዝም። ሌላ ቀን ገፋሁት። ዝም። መስከረም አንድ ላይ ሳደርሰው ቦዩ ራስ ላይ ያለው የአጎታችን ስም ብቅ አለ። 

ከዚያ የባሰው መጣ። ረዳቱ ስሕተቱ ያለበትን መስመር ሲያሳየኝ ከጎኑ አንተ የጻፍካት ማስታወሻ ነበረች። በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ፤ «ጳጉሜን በኋላ»። በቃ። ያን ጊዜ ለመንገድ እየተጣደፍክ ነበር፤ ደላላው ዛሬ ውጣ ነገ ውጣ እያለ ሲያጣድፍህ አስታውሳለሁ። አልፈርድብህም። ግን ያቺን ቃል ሳነብ ሰማዩ ዞረብኝ። ከታች ረዳቱ ላስተካክለው ወይ ብሎ መልሴን ይጠብቃል።  እንዳለ ትቼው ላፕቶፑን ዘጋሁና ወደ ጫኖ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እማዬ ጓሮ ሙዝ እየለየች ነበር። አባባ ከማንጎው ሥር ጀርባውን ሰጥቶን የመጥረቢያ እጀታ ይልጋል። ለእሷ ብቻ በሹክሹክታ ልነግራት ስጀምር፣ «እማዬ፣ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ተገኘ» ከማለቴ አባባ ሳይዞር፣ ሥራውንም ሳያቆም፣ «ጳጉሜን ነው፣ አይደል?» አለ።

አጵሎስ፣ በሕይወቴ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ያ ማሽን በአማርኛ ሲመልስልኝ የደነገጥኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። አባባ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጳጉሜን ሲገባ ስልኮቹ ዝም እንደሚሉ አይቶ፣ በየዓመቱ በእነዚያ ቀናት ራሱ በእግሩ ጭራ ድረስ እየወረደ የየአንዳንዱን ቤት በር አንኳክቶ «ዛሬ ተራህ ነው» ይላቸው ነበር። መስከረም ሲጠባም የቀረውን በእጁ ያስተካክል ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ «ዘካሪያስ ጤነኛ ሲሆን ውሃ ይደርሰኛል» ያሉት እውነታቸውን ነበር፤ የሚያደርስላቸው አባባ ነበርና። ወባ ሲጥለው የሚያንኳኳ ጠፋ።

እማዬ የያዘችውን ሙዝ ጣለችው። «ዓመት ሙሉ ስሰደብ እያወቅህ?» አለችው። ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። አባባ ያኔ ዞረ። የነገረንን እንዳለ ልጻፍልህ። «አጵሎስ መንገድ ላይ በጠፋ ጊዜ፣» አለ፣ «ይሙት ይኑር በማናውቅበት በዚያ ሁሉ ወር፣ ጠዋት ጠዋት የኔም ስልክ ይጮህ ነበር፤ የተረኛውን ስም ለውሃ አባት ይነግራል። እኔ ግን ልጄ ሰላም ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ሰዉም በቤተ ክርስቲያን ሲጸልይለት ‹ውሃውን በስልክ ያዘዘልን ልጅ› እያለ ነበር። የዚያን ልጅ ሥራ ጎዶሎ ነው ብዬ እኔ አባቱ ላውጣው? ሲመለስ ራሱ ያስተካክለዋል ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ አየና «አሁንም ስሙን በአደባባይ እንዳታነሺ። እኔ አርጅቻለሁ፤ እሱ ገና የሚመለስበት አገር ያስፈልገዋል» አለኝ።

 የአባቴን ስም ላድን የወንድሜን ስም ልስበር? ያን ሰሞን ጳጉሜን እየቀረበ፣ የረዳቱ ጥያቄ ላፕቶፔ ውስጥ እንደተንጠለጠለ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ፈዝዤ ሰንብቻለሁ።

የቆረጠችው እማዬ ናት። የአገር ሽማግሌዎች ዱቡሻው ላይ፣ ጉዳይ በሚታይበት በዛፉ ጥላ ሥር፣ ስለ ጳጉሜን ውሃ ሊነጋገሩ ተሰብስበው ነበር። ወንዶቹ ተቀምጠው ሲነጋገሩ እማዬ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ ወደ ፊት ሄደች። እኔም ከሱቅ ያመጣሁትን ላፕቶፕ እንዳንጠለጠልኩ ተከተልኳት፤ ለምን እንደተነሳች አልነገረችኝም። አባባ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ሲያያት እጁን ዘረጋ፤ አላየችውም። በጋሞኛ ነው የተናገረችው፣ አጭር ነው፦ «ባሌ የማንንም ውሃ አልሸጠም። ልጄ አንድ ወር ረስቷል። ባሌ የልጁን ስሕተት በእግሩ ሲሸፍን ኖሮ፣ በታመመ ጊዜ ተገለጠ። ሁለቱም የእኔ ናቸው። እኔ አንዱንም አልጥልም፤ እናንተ እንደ ወደዳችሁ።»

 ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ላፕቶፑን ከፍቼ ለሽማግሌዎቹ ቀኑን እየገፋሁ አሳየኋቸው፤ ከነሐሴ ቀጥሎ ያለውን ዝምታ በዓይናቸው አዩት። ጋሽ ኤርጫፎ ግን አልተዋጠላቸውም። «ይህን የተናገረው ማሽን ነው። ያኔም ያመንነው ማሽን ነው። ጳጉሜን ደርሷል፤ ስልኬ ይናገርና ያን ጊዜ እመልሳለሁ» አሉ። ፍትሐዊ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እዚያው ዛፉ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለረዳቱ አዎ አልኩት። የሚለውጠውን መስመር አሳየኝ፣ አነበብኩ፣ ፈቀድኩ። ጳጉሜንን አስገባ፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን የምትሆንበትንም ጭምር። መስከረም ላይ ተራው ካቆመበት እንዲቀጥልም አደረገ። ዓመቱን እንደገና ቀን በቀን አስኬድኩት፤ የሚዘለል ሰው የለም። ያንተን ማስታወሻ ያጠፋኋት ግን በገዛ እጄ ነው።

ጳጉሜን በገባ ጠዋት ጋሽ ኤርጫፎ ማሳ ዳር ቆሜ ነበር፤ ግማሹ የጭራው ሰው መጥቷል። አዲስ ነገር ስለሆነ ሳይሆን ሊታዘበኝ ይመስለኛል። ከአባያ በኩል ንፋስ እየነፈሰ የሙዙን ቅጠል ያንኳኳዋል። ሞደሙ ቢበላሽስ? መብራት ቢጠፋስ? የማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ስጭን አንድ ነገር ረስቼ ከሆነስ? ከዚያ ጋሽ ኤርጫፎ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አውጥተው ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት፤ መነጽራቸውን አልያዙም። ለእኔ ሰጡኝ። የራሳቸው ስም ነበር። «ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው» ብዬ አነበብኩላቸው። እኔም ስሰማው እንደ አዲስ ደነገጥኩ። ውሃው ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ በቦዩ መጣ። እሳቸው ውሃውን እንኳ ሳይመልሱ ዶማቸውን ለልጃቸው ትተው ሄዱ።

የሄዱት እኛ ቤት ነው። እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፋችን ላይ ቆሙ፤ አባቶቻችን ለዕርቅ እንደሚያደርጉት። አባባ ሲወጣ ተንበረከኩ። «ወባ ይዞህ ስትንቀጠቀጥ መጥቼ አላየሁህም። መጥቼ ባይህ ኖሮ ውሸት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ያ ነው የኔ በደል» አሉት። አባባም ብቻቸውን አላስቀራቸውም፤ እሱም አጠገባቸው ተንበረከከ። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ችግኝህ የደረቀው በዝምታዬ ነው። ልጄን ስሸፍን አንተን ገለጥኩህ» አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መሬት ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቼ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ለማየት አይቻልም ነበር።

አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጥተው ይቅርታ ጠይቀውታል። ማኅበሩም ተመለስልን ብሎታል። እሱ ግን ለሁለቱም እሺ አላለም። «ስሙን በአደባባይ ያነሳንበት ልጅ ሳይሰማ እኔ ክብሬን አልቀበልም። መጀመሪያ ይወቅ፤ ምን እንደሚል እንስማ» ብሏል። እንግዲህ ይህ ወረቀት እጅህ የገባው ለዚህ ነው። እማዬ ያደረገችውን አደረገች፤ እኔም ከጎኗ ቆሜያለሁ። ከተቀየምክ በእኛ ተቀየም እንጂ በእሱ አትቀየም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ዓመቱን ሙሉ ስትደውል «አባባስ?» ስትለን «ማሳ ነው፣ ሲመጣ እንነግረዋለን» እንልህ ነበር። ማሳ አልነበረም። እዚያው ከስልኩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ውጦ ድምፅህን ይሰማ ነበር። ከተናገረ ሐዘኑን ከድምፁ እንዳታውቅበት ፈርቶ ነው። ስልኩ ሲዘጋ «ከስቷል» ወይም «ዛሬ ደህና ነው» ይለን ነበር፣ በዓይኑ እንዳየህ ሁሉ።

ጋሽ ኤርጫፎ «ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንዳይቀመጥ፤ ፓፓያውን እንደገና ተክዬዋለሁ በይው» ብለው ሰላምታ አቅርበዋል። ዕድላዊት ሰላም ብላሃለች፤ ስትመለስ ኮድህን በሰው ቋንቋ እንድትጽፍ ታስተምርሃለች። አጎታችንና የቦዩ ራስ ዘመዶች በሙሉ እንደምን አለህ ይላሉ። መዘምራኑ በጸሎት አልረሱህም። እማዬ ፎቶህ ላይ ዓይንህን ሳትስም የምትውልበት ቀን የለም፤ ወገብህን በሞቀ ውሃ እንድትይዘው አደራ ብላለች፤ ስለ ዱቡሻው ግን «እናቱ ነኝ፣ ያውቀኛል» ከማለት ሌላ አልጨመረችም። አባባንም ምን ብዬ ልጻፍለት ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ «ምንም አትጻፊ፤ ይደውል፤ እኔ ነኝ የማነሳው» አለኝ።

እህትህ አቢጋኤል ዘካሪያስ
ጫኖ፣ አርባ ምንጭ
መስከረም ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.